የቶርንተኑ አድራሻ

"ጋሼ፣ ይሄ አይሠራም እኮ" አለች ሊዲያ፣ ቅጹን በቤተ መጻሕፍቱ ባንኮኒ ላይ ወደ እሳቸው መልሳ እየገፋች። "ላይሰንስዎ ላይ ያለው አድሬስ ቶርንተን ነው።"

ጋሽ ሀይለማርያም መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉት። መነጽሩ ንጹሕ ነበር፤ የሚሉት ነገር እስኪመጣላቸው ነው።

"ቢሆንስ?"

"ቦርዱ ውስጥ ለመግባት ያለውን ሩል ላንብብልዎት?" ሊዲያ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እዚሁ አውሮራ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን ከእናቷ ከወይዘሮ ኮከብና ከሰንበት ትምህርት ቤት የለቃቀመች፣ ሳቅ የማያጣት ልጅ ናት። "ነምበር ዋን፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው። እሱ ላይ ፋይን ነዎት። ነምበር ቱ፣ ላይብረሪው ውስጥ የማይሠራ፣ የሚሠራ ዘመድም የሌለው። ነምበር ስሪ፣ በዚህ ዲስትሪክት ለመምረጥ የተመዘገበ። ነምበር ፎር፣ እዚሁ ዲስትሪክት ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት የኖረ። ቶርንተን ደግሞ ሌላ ዲስትሪክት ነው፣ ጋሼ። አይ አም ሶ ሶሪ። ሳልጠይቅዎት ፎርሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

ጋሽ ሀይለማርያም ቅጹን አዩት። ሐሙስ ማታ ቁጭ ብለው፣ የመምህር እጃቸውን ሳይቸኩሉ አንቀሳቅሰው፣ አንድም ስርዝ ድልዝ ሳይገባበት ነበር የሞሉት። ለምን ማገልገል ይፈልጋሉ በሚለው ቦታ አዳማ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትን ሠላሳ አንድ ዓመት እንደመሩ ጽፈዋል። ዋናውን ምክንያት ግን አልጻፉትም።

ዋናው ምክንያት እንዲህ ነው። ቤተ መጻሕፍቱን የሚያስተዳድረው ቦርድ አምስት ወንበር አለው። አንዱ አባል ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ስቴት በመሄዱ ወንበሩ ክፍት ሆኗል። የቀሩት አራቱ ኢስት ኮልፋክስ አጠገብ ያለው ይህ ቅርንጫፍ ከሰኔ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይዘጋ፣ አይዘጋ በሚል ሁለት ለሁለት ተከፍለው ተፋጠዋል። ይዘጋ የሚሉት ካሸነፉ በሩ የሚከፈተው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ይሆናል። ለብዙው ሰው ያን ያህል ነገር አይደለም። ጋሽ ሀይለማርያም ግን በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ቀድመው የሚገቡ ሰው ናቸው። ሊዲያ "ደህና አደሩ ጋሼ" ትላቸዋለች። መስኮቱ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ፤ ጋዜጣ ያነባሉ፤ ስደተኞች ቅጽ ይዘው ሲመጡ ይሞሉላቸዋል። አንዳንድ ቀን ከሊዲያ "ደህና አደሩ" ሌላ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ሳይኖር ይመሻል። ከሰኔ በኋላ ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት የት እንደሚቀመጡ ያውቃሉ፤ የሚፈሩትም እሱን ነው።

"ምናልባት ቤት ቀይረው ላይሰንስ ሳይቀይሩ ቀርተው ይሆን?" አለች ሊዲያ። ተስፋ አልቆረጠችም። "ብዙ ሰው እንደሱ ነው። እንደዛ ከሆነ ሬጅስትሬሽኑን ዛሬ ኦንላይን መቀየር ይቻላል። ከአከራይ ደብዳቤ ያመጣሉ፣ በቃ። ግን ዴድላይኑ ዛሬ ፋይቭ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ የአመልካቾቹ ስምና ሰፈር በሩ ላይ ይለጠፋል። ማክሰኞ ደግሞ ሚቲንጉ ላይ ይነበባል። ማንም ሰው መምጣት ይችላል። ማሚን ይዣት እመጣለሁ፤ ታጨበጭብልዎታለች!"

ጋሽ ሀይለማርያም ማሚ የሚለውን ሲሰሙ ቅጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ወይዘሮ ኮከብ ደግ ሴት ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ወጥ ቤት ቀጥ አድርገው ይዘዋል። ነገር ግን ከጆሯቸው የደረሰ ወሬ ቅዳሴ ሳይወጣ ከመቅደሱ እስከ መኪና ማቆሚያው ይዳረሳል።

"ቶርንተን ነው እንግዲህ" አሉ። "ልጄ ዘንድ ነው የምኖረው። ወደ ሥራ ሲሄድ እያደረሰኝ እንደምመጣ ነግሬሽ የለም?"

"አዎ፣ ነግረውኛል" አለች ሊዲያ ቅር ብሏት። "ሶሪ ጋሼ።"

ውሸት ነበር። የጋሽ ሀይለማርያም ቤት ከቤተ መጻሕፍቱ በእግር ስድስት ደቂቃ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ከሥሩ እንጀምረው። ወደዚህ አገር ሲመጡ ያረፉት እውነትም ቶርንተን፣ ልጃቸው ኢዮብ ቤት ነበር። የኢዮብ ሚስት ሄራን ሁለተኛ ልጅ ልትወልድ ስትል እናቷ ሊያርሷት መጡ፤ ወልዳ ስትነሣም አልሄዱም። ሦስት መኝታ ቤት ለስንት ይብቃ? ጋሽ ሀይለማርያም "ለጊዜው" ተብሎ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኙ ጀመር። ወራት ሄዱ። አንድ ቀን ቁርስ ላይ "ለቤተ ክርስቲያኑ ቀረብ ያለ ቦታ ለትንሽ ጊዜ ብከራይስ?" አሉ። ይሂዱ ያላቸው አልነበረም። ይቆዩ ያላቸውም አልነበረም። ሄራን እንቁላሉን ታማስል ነበር፤ ማማሰሏን ቀጠለች።

የተከራዩት ምድር ቤት አረጋሽ የምትባል ሴት ቤት ነው። አረጋሽ ጴንጤ ናት፤ የመረጧትም ስለዚሁ ነው። ከጴንጤ ቤት ወጥቶ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ወሬ ጥቂት ነው ብለው። ደብዳቤያቸውን፣ ባንካቸውን፣ ክሊኒካቸውን፣ የሰበካ ጉባኤ አባልነታቸውን ሁሉ ቶርንተን ላይ ተዉት። እሑድ እሑድ ኢዮብ ቤተሰቡን ጭኖ ከቶርንተን ይመጣል። ጋሽ ሀይለማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው ኮልፋክስ ጥግ ካለው ነዳጅ ማደያ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ከፊት ወንበር ይገባሉ፤ ከአንድ መኪና አንድ ላይ ወርደው ቤተ ክርስቲያን ይገባሉ። "ታድለው!" ይላሉ ሰዎች። "ከልጅ ጋር መኖርን የመሰለ ምን አለ?" ሲመለሱም ነዳጅ ማደያው ጋ ይወርዳሉ። "መንገዱ ጠባብ ነው፣ መኪና አይዞርበትም" ብለው ይህን ያስለመዱት ራሳቸው ናቸው። መንገዱ ግን ጠባብ አይደለም። የልጅ ልጃቸው ማቲ ያቺን የምድር ቤት በር እንዳያይ ነበር።

ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥተው የአሥራ አምስት ቁጥር አውቶብስ ፌርማታ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የየካቲት ፀሐይ ዐይን ትወጋለች እንጂ አታሞቅም። እንግልውድ ሆስፒታል ውስጥ ለሚሠራው ለኢዮብ የምሳ ሰዓቱን ጠብቀው ደወሉ።

"አባባ? ምን ሆኑ?" በሥራ ቀን ደውለውለት አያውቁም።

"ደህና ነኝ። አንድ ጉዳይ ላማክርህ ነው።" ስለ ክፍቱ ወንበር፣ ስለ ቅጹ፣ ስለ አራቱ መስፈርቶች ነገሩት።

"ጎሽ! ከእርስዎ የተሻለ ከየት ያገኛሉ?" አለ ኢዮብ። ቀጥሎ ነገሩ ገባው። "ቆይ፣ አድሬሱ ይለጠፋል ነው የሚሉት?"

"ስሜና ሰፈሬ።"

"አውሮራ ተብሎ?"

"ሌላ ምን ይባላል?"

"አባባ፣ እዚያ የምትሠራው የወይዘሮ ኮከብ ልጅ አይደለችም እንዴ?" ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አጠገቡ ሰው ሳይኖር አይቀርም። "ሰው ምን ይላል? አባቱን አውጥቶ ቤዝመንት ከተተው ነው የሚሉኝ። እኔንስ ይበሉኝ። ሄራንን ነው የሚበሏት። ሁልጊዜ የሚታማው ሴቷ ናት፤ ያውቁታል።"

"ማንም አላወጣኝም። ራሴ ነኝ የወጣሁት እላቸዋለሁ።"

"ያምናሉ?"

 እሳቸውም ሌላው ላይ ቢሰሙት አያምኑም ነበር።

"አንድ አይዲያ መጣልኝ" አለ ኢዮብ ድንገት ደስ ብሎት። "እኛም ሰፈር ላይብረሪ አለ እኮ! አዲስ ነው፤ ሰፊ ነው። ወረቀትዎ ሁሉ ቶርንተን ነው ያለው። እዚያ ክፍት ወንበር ካለ ልጠይቅልዎት?"

ጋሽ ሀይለማርያም ስልኩን ከአንዱ ጆሯቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

"ታዲያ እዚያ መኖር አለብኝ እኮ፣ ልጄ።"

 በስልኩ ውስጥ ጋሪ ሲንኳኳ፣ የሆነ ማሽን ሲጮህ ብቻ ይሰማል። አውቶብሱ መጥቶ ቆመ፤ ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ጠበቃቸው። ጋሽ ሀይለማርያም በእጃቸው ሂድ አሉት። በሩ ተዘግቶ አውቶብሱ ሲሄድ ኢዮብ ገና ዝም እንዳለ ነበር።

"አባባ" አለ በመጨረሻ።

"አለሁ።"

"ከሄራን ጋር ልነጋገርበት። እናቷ ምናልባት በጋው ላይ…"

"አይ፣ አታስጨንቃት። እንዲያው ነው ያልኩት። በል ምሳህን ብላ፣ ሰዓትህ አለቀ።"

ስልኩን ዘግተው እዚያው ተቀመጡ።  ይጠብቁት የነበረው አንዲት ቃል ነበረች፤ "ይምጡ" የምትል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠብቋት እንደኖሩ እንኳ ያወቁት አሁን ነው። በልጃቸው አልተናደዱም። ኢዮብ መጥፎ ልጅ አይደለም፤ እሑድን አንድም ቀን አስቀርቶ አያውቅም። ግን መጥፎ ያልሆነ ሰውም ዝም ሲል ዝም ብሏል።

አረጋሽ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ዓርብ ዕረፍቷ ነው። ኩሽናዋ ውስጥ የመዘምራን ልብሷን ስትተኩስ አገኟት።

"ጋሼ! በዚህ ሰዓት? ላይብረሪው ተዘጋ እንዴ?"

"ገና ነው።" ቆመው ነገሯት። ደብዳቤ የሚለውን ስትሰማ ካውያውን ነቅላ ስልኳን አነሣች።

"ይሄማ ቀላል ነው። የቀድሞዋ ተከራዬ ያስጻፈችኝ አለ፤ ስሙን መቀየር ነው።" ወንበር ስባላቸው በአውራ ጣቷ መጻፍ ጀመረች። "ስም… ሀይለማርያም። አድራሻ… ይኸው የኔው። የገቡበት ቀን መቼ ነበር?"

"መጋቢት ሁለት። ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው።"

"እንዴት ያስታውሱታል!"

"ማቲ አራት ዓመት የሞላው ለት ማግስት ነው።"

አረጋሽ ጻፈች። ከዚያ አውራ ጣቷ ቆመ። "አብሯቸው የሚኖር ሰው ብዛት ይላል እዚህ ጋ።" ቀና ብላ አየቻቸው። "እኔን ላስገባ? እኔ እኮ ላይ ነኝ፤ እዚሁ ላይ።"

"አንቺ አከራይ ነሽ።"

"አዎ፣ ግን…"

"ዜሮ በይ፣ አረጋሽ።"

"ሲያስልዎት እሰማለሁ እኮ" አለች፣ እንደ መቆጣት ብላ። "ጠዋት ሳልሰማዎት ስቀርም ጆሮዬን ጥዬ አዳምጣለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ እንግዳ ያንን ደረጃ ሲወርድ አላየሁም፤ ልጅዎም አልጋውን ካወረደልዎት ወዲህ አልመጣም። ነገሬ ብላ አታውቅም ብለው ነው? አይቼ ዝም ብዬ ነው።"

 ለጋሽ ሀይለማርያም ሰምታቸው የምታውቅ አልመሰላቸውም ነበር። እንዳትሰማቸው ብለው ነበር ሲያስሉ አፋቸውን በትራስ የሚያፍኑት።

"ዜሮ ይሁን ካሉ ዜሮ" አለች። አትማ፣ ፈርማ ሰጠቻቸው። ወረቀቱን ይዘው ወደ ክፍላቸው ወረዱ። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው አነበቡት። ዜሮው ከስማቸው ቀጥሎ ክብ ብሎ ተቀምጧል።

አሥር ሰዓት ሲል ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሱ። ሊዲያ ሕፃናት ክፍል ተረት እያነበበች ስለነበር ሳታያቸው ኮምፒውተር ጋ ተቀመጡ። የመራጮች መዝገብ ገጽ ሲከፈት ስማቸው ወጣ፤ ከሥሩም የቶርንተኑ ቤት ቁጥር። የኢዮብ ቤት ቁጥር። ያ ቁጥር ባለበት ወረቀት ሁሉ ላይ የሚኖሩት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ነበር። በወረቀት ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ማቲን ትምህርት ቤት ሲሸኙ፣ ማታ አብረው ሲበሉ ኖረዋል። ከክሊኒክ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ኢዮብ እሑድ ይዞላቸው ይመጣል፤ እሳቸውም ፖስታው ላይ ያለውን አድራሻ ሁለቴ ያነቡታል። ሞኝነት መሆኑን ያውቁታል። ግን ደስ ይላቸው ነበር።

አዲሱን አድራሻ ጻፉ። ማሽኑ አሮጌው አድራሻ ይሰረዝ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ ይሰረዝ የሚለውን ለመጫን ግን ጣታቸው እንቢ አለ። እዚህ ላይ ከቆሙ ማንም ምንም አያውቅም። ሄራን አትታማም፤ ኢዮብም አንገቱን አይደፋም። እሑድ ነዳጅ ማደያው ጋ ይቆማሉ፤ "ታድለው!" ይባላሉ። ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የአረጋሽን ኮቴ ያዳምጣሉ።

የግድግዳውን ሰዓት አዩ፤ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሊሆን ነው። ሕፃናቱ ክፍል ውስጥ ሊዲያ የዝሆን ድምፅ ስታሰማ ሕፃናቱ ይንጫጫሉ። ያ የቶርንተን ቤት፣ የወረቀቱ፣ አንድም ቀን ደህና አደሩ ብሏቸው አያውቅም። ይሰረዝ የሚለውን ጫኑት።

ሊዲያ ባንኮኒዋ ስትመለስ አድራሻውን ያረሙበትን ቅጽ፣ የተስተካከለውን የመራጭነት ወረቀትና የአረጋሽን ደብዳቤ ደርድረው ቆመው ነበር። አነበበች። ደግማ አነበበች።

"ይሄ ስትሪት እኮ እዚህ ጋ ነው! ሲክስ ሚኒትስ በእግር!" ቀና አለች። "ልጄ ያደርሰኛል ብለውኝ አልነበር?"

"ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ፣ ልጄ።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ?"

"ሦስት ዓመት ሙሉ።"

ሊዲያ ደብዳቤው ላይ ያለውን ዜሮ አየችው፤ ማየቷን አዩ። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። የሰዓት ማኅተሙን ቅጹ ላይ መታችው፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት ሰባት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ከዚያ ወደ እሳቸው ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ለማሚ አልነግራትም። ፕሮሚስ።"

ጋሽ ሀይለማርያም ቆባቸውን ከባንኮኒው አነሡ።

"ንገሪያት" አሉ። "ማክሰኞ ከምትሰማው ዛሬ ካንቺ ትስማው። ልጁ አላወጣውም፣ ራሱ ነው የወጣው ብለሽ ጨምሪበት።"

"ታምነኛለች?"

"አታምንሽም። ግን ጨምሪበት።"

ደጅ ወጥተው በረንዳው ላይ ቆሙ። ስልካቸውን አውጥተው በአንድ ጣታቸው እየፈለጉ ለኢዮብ ጻፉ፦ "ቅጹን አስገብቻለሁ። እሑድ ነዳጅ ማደያው ጋ አልጠብቃችሁም። መንገዱ ጠባብ አይደለም፤ በሩ ድረስ ኑ። ከቅዳሴ በኋላ ምሳ እኔ ጋ ነው። ማቲ ቤቴን አላየም።" ላኩት። መልሱን ቆመው ለመጠበቅ አልፈለጉም፤ ስልኩን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው መንገድ ጀመሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ስልኩ ደረታቸው ላይ ነዘረ። አላወጡትም።

ቤት ሲደርሱ ወደ ታች አልወረዱም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ጉዳይ አንኳኩተውት የማያውቁትን የላይኛውን በር በዛሬው ቀን ለሁለተኛ ጊዜ አንኳኩ። አረጋሽ ካውያውን እንደያዘች ከፈተችላቸው።

"ተቀበሉዎት ጋሼ?"

"እሱ ገና ማክሰኞ ነው። አረጋሽ፣ ትርፍ ወንበር ይኖርሻል? ለእሑድ።"

"ሞልቶ! ስንት?"

ጋሽ ሀይለማርያም በጣታቸው ቆጠሩ፤ ኢዮብ፣ ሄራን፣ እናቷ፣ ማቲ።

"አራት" አሉ። "ሕፃኗ ጭኔ ላይ ትቀመጣለች።"